ለድራኔ ስድስት ቀን

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ ወር፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነበር። የሰሜኑ ነፋስ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ አረፋ የለበሰ፣ ሙቀቱ ጥላ ውስጥም ገብቶ የሚያሳድድ ነው።

ናክሶስ ደሴት ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነቅቶ የሚገኝ ፍጡር የለም። መስኮቱ ሁሉ ተከርችሟል፣ ድመቱ ሳይቀር የድንች ጆንያ ላይ ተዘርግቷል፣ እትዬ ስታማቲያ የእንግዳ ማረፊያዋን በር ዘግታ በማንኮራፋት ግድግዳውን ታናውጣለች። ጄቶ ብቻ አልተኛም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት እዚህ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዓይኑ አልተከደነም። የአልባንያ ተራራ ላይ ያደገ ሰው ፀሐይ እያለች የሚተኛው ሲታመም ነው፤ ጄቶ ደግሞ በስልሳ አንድ ዓመቱ ታሞ አያውቅም። ስለዚህ ይጋደማል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ያስባል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ልጁ ትመጣለች።

ድራኔ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የተዋት ልጅ ዛሬ ሃያ ስምንት ሞላት፤ ሽኮድራ ከተማ ልጆች ታስተምራለች፣ የራሷ ደመወዝ አላት፣ የራሷ ቁልፍ አላት፣ የመርከቡንም ትኬት ራሷ ቆርጣ ካበቃች በኋላ ነው የነገረችው። «አባባ፣ ልመጣ ነው፤ ስድስት ቀን እቆያለሁ። ለእንግዶቹ የምታወጣውን ፕሮግራም ለእኔም አውጣልኝ። እንደ እንግዳ ያዘኝ፤ እንደ ልጅ ከያዝከኝማ ድንች ታስቆፍረኛለህ» ብላ ሳቀች፣ እሱም «እሺ» አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ደግሞም እሱ ማለት እዚህ የእንግዳ ነገር አዋቂ ነው፤ ሲመጣ ለእትዬ ስታማቲያ ድንች ሊቆፍር ነበር፣ አሁንም ይቆፍራል፣ ግን ባሏ ሞቶ ቤቱን ለእንግዳ ከከፈተችው ወዲህ ማን ምን እንደሚወድ ለይቶ ቀኑን የሚያከፋፍል እሱ ሆነ፤ አፉ ሥራ ስለሌለው ዓይኑ ይሠራል። ሆላንዶች ብስክሌት ካገኙ ሌላ አይሹም፤ ጀርመኖች በጠዋት ተራራ ካልወጡ ያማቸዋል፤ ፈረንሳዮች ወይኑን ካላሙት አይጣፍጣቸውም፤ ዴንማርኮችን ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደ በርበሬ ሲቀሉ ማንሳት ነው። የሁሉንም ያውቃል። የገዛ ልጁን ምን እንደሚያስደስታት ግን አያውቅም፤ ይኸው ነው ነገሩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንጀቱ ውስጥ እንደ ምስማር የተቀመጠው ይኸው ነው፣ ስድስት ቀን ከሰጠችው ስድስቱም ሊበላሽ ይችላል፣ ስድስቱ ከተበላሸ ደግሞ ሰባተኛ የሚሰጠው የለም።

ማወቂያ ጊዜውስ መቼ ነበር? በየእሑዱ ይደውላል፣ አንድም እሑድ አላለፈውም፣ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ምን ይላል? ጤና ነሽ? ዝናብ ጣለ? በጎቹስ? በይ ደህና ሁኚ። ባለፈው ክረምት እንዲሁ «በጎቹስ?» ቢላት «አባባ፣ በጎቹ ከተሸጡ'ኮ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሽጡ ያልከውም አንተ ነህ» አለችው፤ እሱም «እና ደህና ናቸው?» አላት። ምን ይበል ታዲያ? አፍ በልምድ ነው የሚሄደው፣ እንደ በቅሎ፣ የለመደበት በር ላይ ይቆማል። እናቷ ፕሬና ስትሞት የመኖሪያ ወረቀቱ ማኅተም ሊመታበት ቢሮ ገብቶ ነበር፤ ያለ ወረቀቱ ከወጣ መመለስ የለም፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ «ሰኞ ይምጡ» አለችው፣ ፕሬና ቅዳሜ ተቀበረች። ወረቀቱን ይዞ አገሩ ሲደርስ ድራኔ አልወቀሰችውም። እሱም ይቅርታ አላለም፤ የቤታቸውን ጣሪያ ማየት ጀመረ፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ መሰላል ያቆማል፣ ይወጣል፣ አሥር ቀን መዶሻ ከእጁ አይወርድም፣ እሷ ከታች ቆማ ምስማር ታቀብለዋለች፣ «የቱን?» ትላለች፣ «ትልቁን» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም። ያ ጣሪያ ግን እስከ ዛሬ ጠብታ አያስገባም።

ዞር ብሎ ተጋደመ። አልጋው ሲጢጥ አለ። እሺ፣ ወደ ፕሮግራሙ። ሰው ያለፈውን ሲቆፍር ከዋለ ድንቹን ማን ያወጣል?

ቅዳሜ የምግብ ጉዞው ይሁን፣ መቼም እሱን የማይወድ የለም፤ ከአይብ ሠሪው ቤት ይጀመራል፣ ወደ ዳቦ ቤቱ ይወረዳል፣ ወደብ ላይ የተጠበሰ ኦክቶፐስ ይቀመሳል፣ መጨረሻ ላይ በማር የራሰ ጣፋጭ አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ረጋ ያለ እርምጃ። አሁን አሁን ያውቅበታል። የመጀመሪያ ጊዜ ግን፣ አቤት የመጀመሪያ ጊዜ! እትዬ ስታማቲያ ስድስት ቤልጂጎች ሰጥታው «በየቤቱ እየወሰድክ አስቀምሳቸው» ስትለው ጆሮውን ተጠራጠረ። የእኛን ቤት እንግዳ? በሰው ደጅ? እሱ ባደገበት ተራራ ከቤትህ የወጣ እንግዳ ጎረቤት ገብቶ ቁራሽ ዳቦ በረሃብ ቢጎርስ አለቀልህ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው፣ «የእነ እንትና ቤት፣ እንግዳ አስርበው የሚሰዱት» እየተባልክ ትኖራለህ። በሌሊት ተነሣ፣ ጥቦት አረደ፣ ከድንች ጋር ምድጃ ውስጥ ከተተ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤልጂጎቹን ከብቦ አስቀመጣቸው። «ብሉ» አላቸው። በሉ። «ብሉ» አላቸው ደግሞ፤ ፊቱን አይተው በሉ። አጥንቱ እስኪታይ ቆሞ ጠበቃቸው፣ ከዚያ በኩራት እየመራ ወደ አይብ ሠሪው ቤት ወሰዳቸው። አይቡን በዓይናቸው አዩት፤ ዳቦ ቤቱ ደጅ ላይ አንዱ ተቀመጠ፤ ኦክቶፐሱ ሲቀርብ አንዲቱ ሴትዮ አለቀሰች። ማታ እትዬ ስታማቲያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«አንተ የተራራ ድንጋይ! የምግብ ጉዞ ላይ በልቶ ይኬዳል?»

«የእኛ እንግዶች ናቸው።»

«እና?»

«በሰው ቤት ርቧቸው አይገቡም።»

«ርቧቸው እንዲገቡ'ኮ ነው የከፈሉት!»

ይህ እስከ ዛሬ አይገባውም። ብቻ ቤልጂጎቹ አገራቸው ገብተው «በሕይወታችን እንዲህ ያለ ጥቦት አልቀመስንም፤ ሰውየው ግን ያስፈራል» ብለው ኢንተርኔት ላይ ጻፉ፣ በተከታዩ ዓመት ግማሹ እንግዳ የሚያስፈራውን ሰውዬና ጥቦቱን ፈልጎ መጣ፣ እትዬ ስታማቲያም ዝም አለች። ለድራኔስ ጥቦቱን ያርድ? ሥጋ ትወዳለች? ልጅ ሳለች ትወድ ነበር። ልጅ ሳለች ሥጋ መቼ ነበርና ነው የወደደችው? ሥጋ ካልነበረ መውደዷን በምን አወቀ?

ተነሣና ታብሌቱን አወረደ። እትዬ ስታማቲያ «ከእንግዲህ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ካልገባ የለም» ብላ የሰጠችው ነው፤ ፕሮግራሙ በሳጥን በሳጥን ይጠይቃል፣ የእንግዳ ስም፣ ዕለት፣ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው እንደሆነ። ጄቶ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ የግሪክን ፊደል የቆጠረው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ በአንድ ጣት፣ እንደሚዘራ ሰው፣ አንድ ፊደል እየጣለ ይሄዳል። ድራኔ። ዓርብ። ዓሣ ማጥመድ፣ በካፒቴን ኒኪታስ ጀልባ። አምስት ሰዓት። ነፋሱ እስከዚያ ከተኛ ነው መቼም፣ ካልተኛ ኒኪታስ ገመዱንም አይፈታም። አንድ ሰው። ሳጥኑ ቀላ። ደግሞ ጻፈው፣ አንድ ሰው። ቀላ። መነጽሩን አድርጎ ከሥር የወጣውን ቀይ ጽሑፍ በከንፈሩ እየሰፈረ አነበበ፤ «ከሁለት ሰው በታች አይመዘገብም» ይላል።

ሌላው ማነው ታዲያ? እሷ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ቅዳሜን ሞከረ፤ የምግብ ጉዞ፣ አንድ ሰው፣ ቀላ። ሰኞ ወደ ተራራው፣ አንድ ሰው፣ ቀላ። ጄቶ መሣሪያውን እንደ እልኸኛ አህያ አፈጠጠበት። እንግዲህ ስድስቱን ቀን አንድ በአንድ አሰበው፤ ሐሙስ ከመርከቡ ስትወርድ ሻንጣዋን ይሸከማል፤ ዓርብ ኒኪታስ ያጠምድላታል፣ እሱ ወደቡ ላይ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ባለሱቆቹ ያበሏታል፣ እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ሰኞ ተራራው፣ እሱ ስንቅ ተሸክሞ ከኋላ፤ ማክሰኞ ወይን ጠማቂው። በስድስቱም ቀን የእሱ ቦታ ደጅ ነው። መሰላል ላይ። ይህ ዕቃ ግን ሰው አይደለም፣ አያውቀውም፣ አያፍረውም፣ ዝም ብሎ ይጠይቃል፦ ሁለተኛው ማነው?

መጠየቅ ነበረበት። ይህን ከሁለት ሳምንት በፊትም ያውቀዋል። ግን እንግዳን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እነሱ ዘንድ ስስታም ነው፤ የሚሰጥ ሰው ያቀርባል እንጂ አይጠይቅም። አባት ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ አባት ከጠየቀ አያውቅም ማለት ነው፣ የማያውቅ አባት ደግሞ ምኑ አባት ነው? የሱ አባት ጠይቆት ያውቃል? አንድ ጊዜ ጠይቆታል፤ «ፍየሏ የታለች?» ብሎ። ጄቶ ብቻውን ሳቀ፣ ድመቱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ስልኩን አነሣ።

ሁለቴ ሳይጠራ ነው ያነሣችው። «አባባ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ማክሰኞ ነው'ኮ!»

«አውቃለሁ።»

«አሞህ ነው? እውነቱን ንገረኝ፣ ሆስፒታል ነህ?»

«አልጋ ላይ ነኝ።»

«እግዚኦ!»

«የእረፍት ሰዓት ነው፣ አታብጂ። ዝናብ ጣለ?»

«በሐምሌ?»

 የእሷ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከኋላዋ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ያልፋል። ጄቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ድንጋይ ፈንቅሎ ከማሳው ሲያወጣ እንኳ እንዲህ አልላበውም።

«ስትመጪ» አለ፤ «ምንድን ነው... ማለቴ። ምን ትወጃለሽ?»

«እንዴት ምን እወዳለሁ?»

«ፕሮግራሙ ይጠይቃል። እኔም አላውቅም።»

ይህን ሲል ጣሪያው የሚወርድበት መስሎት ነበር። አልወረደም። የእሷ ድምፅ ሲመጣ ክፍል ውስጥ እጇን ያወጣች ተማሪ እንጂ አስተማሪ አይመስልም።

«መዋኘት መማር እፈልጋለሁ» አለች። «እዚህ አፍራለሁ፣ ሐይቁ ዳር ሁሉም የማስተምራቸው ልጆች እናቶች ናቸው። እዚያ ማንም አያውቀኝም። አንተ ታስተምረኛለህ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሕር መሃል ኖረህ እንደ ዓሣ ሳትሆን አትቀርም!»

«እሺ» አለ ጄቶ።

ስልኩ ተዘጋ። ጄቶ ጫማውን አየ። ባሕሩን በየቀኑ ያየዋል፤ ጠረኑን ያውቃል፣ ነፋሱን ከድንቹ ቅጠል ላይ ያነበዋል፣ የኒኪታስን ጀልባ ስንት ጊዜ ገመድ ፈትቶ ሸኝቷል። ውሃው ውስጥ ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ሁሉም በሥራ ብዛት ነው ይላል። በሥራ ብዛት አይደለም፤ የተራራ ሰው እግሩ ሥር መሬት ከሌለ ልቡ ከቦታዋ ትለቃለች፣ ይኸው ነው፤ ለማንም አልተናገረውም፣ ማንም ጠይቆት አያውቅምና። አሁን ግን ለልጁ እሺ ብሏል። ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። በሁለት ቀን ይማራል? ሰው በሁለት ቀን ምን ይማራል? ማጭድ መያዝ። እሱም እየተኮረኮመ ከሆነ ነው።

ጥላው ሲረዝም እትዬ ስታማቲያ ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ትልቁን የገለባ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ እንደ ሁልጊዜው ነፋስ ወደማይደርስበት የባሕር ዳር ወረደች። እዚያ የመንደሩ አሮጊቶች ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ክብ ሠርተው ቆመው ሰው ያማሉ፤ ከሩቅ ላየው ባሕር ላይ የተደፋ የእንጉዳይ ማሳ ነው የሚመስለው። ጄቶ ጫማውን አድርጎ፣ እጅጌውን ቆልፎ፣ አሸዋው ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ወሬው ቆመ።

«ምን ሆነ? ቤቱ ተቃጠለ?» አለች እትዬ ስታማቲያ ከባርኔጣዋ ሥር።

«አልተቃጠለም። ዋና አስተምሪኝ።»

«ማንን?»

«እኔን። እስከ ሐሙስ።»

የአሮጊቶቹ ሳቅ ውሃውን አናወጠው። አንዷ ባርኔጣዋ ወድቆ ተንሳፈፈ፤ ሌላዋ «ኧረ ይህን ሳላይ አልሞትም ነበር ለካ!» አለች። እትዬ ስታማቲያ ብቻ አልሳቀችም፤ ወገቧ እስኪታይ ወደ ዳር ወጥታ አፈጠጠችበት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖረህ ዛሬ ምን ታየህ?»

«ልጄ አስተምረኝ አለች።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

«አንተ ውሸታም! እንዲህ ቀጥ ብለህ የቆምክ ሰውዬ! እና አሁን ገብተህ በሁለት ቀን ዓሣ ልትሆን ነው? ና ግባ እሺ፣ ና፣ ጫማህን አውልቅ፣ አገጭህን እይዝልሃለሁ፤ ጥጆችም ወንዝ እንዲህ ነው የሚሻገሩት።»

ጎንበስ ብሎ የአንዱን ጫማ ማሰሪያ ፈታ። ከዚያ ቆም አለ። አሁን ቢገባ፣ ሁለት ቀን ጨው ቢውጥ፣ ሐሙስ እሷ ፊት ትንሽ ተንቦራጭቆ የሚያውቅ ሊመስል ይችላል። አባት ያውቃል፤ ልጅ ከታች ቆማ ምስማር ታቀብላለች። እንደገና ያው ነው። ማሰሪያውን መልሶ አሠረና ስልኩን አወጣ፤ አሮጊቶቹ ወሬ እንዳያመልጣቸው ቀረብ ቀረብ አሉ።

«አባባ? አሁንስ ማን ሞተ?»

«ድራኔ፣ ዋና አልችልም።»

«ምን?»

«አልችልም። ገብቼም አላውቅም። እሺ ያልኩት ዝም ብዬ ነው።»

አንድ ነገር ፈነዳ፤ ጄቶ መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መሰለው። ልጁ ነበረች፣ እየሳቀች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ደሴት ላይ! አባባዬ!» እያለች። እሱ ያላሳቃት ጊዜ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ከልቧ ስትስቅ እንዴት እንደምትስቅ ያወቀው ገና አሁን ነው፤ እንደ እናቷ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትን ይላታል።

«ታዲያ ማን ያስተምረናል?» አለች ሲበርድላት።

ጄቶ ቀና ብሎ ውሃው ላይ የተደረደሩትን ባርኔጣዎች አየ። «አምስት አሮጊቶች» አለ። «ያስፈራሉ።»

«ስማ አንተ!» አለች በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልባንኛውን የለመደችው እትዬ ስታማቲያ፤ «ማነው የሚያስፈራው? ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ፤ አንተን ግን ለሁለት ነው የምንይዝህ። ዛሬ ለምን አትገባም ግን? ሁለት ቀን ትቀድማታለህ።»

«አልቀድማትም። ዓርብ፣ አንድ ላይ።»

ወደ ቤት ተመልሶ ታብሌቱን ከፈተ። ዓሣ ማጥመዱን ከዓርብ አጥፍቶ ማክሰኞ ላይ አደረገው፤ እስከዚያ ጀልባው ውስጥ መቀመጥ ይለምድ ይሆናል፣ ካልለመደም ልጁ እጁን ትያዝ። ዓርብ ላይ «ዋና» ብሎ ጻፈ፣ ሁለት ሰው ብሎ ጻፈ፣ ሳጥኑም አልቀላም። የምግብ ጉዞውንም ሁለት ሰው አለው፤ ጥቦቱን ግን ተወው፣ አባትና ልጅ ርቧቸው ይውጡ፣ ሰው ያለውን ይበል።

ከዚያ ወደብ ወርዶ የዋና ቁምጣ ገዛ። ሻጩ ቁጥሩን ሲጠይቀው «አላውቅም» አለ። በአንድ ቀን ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገረው አሰበ፤ እየቀለለው ነው የመጣው። ሻጩ ሰማያዊውን ለክቶ ሰጠው። ረቡዕ ጠዋት ድንች ሲቆፍር ከሱሪው ሥር ለብሶት ነበር፤ እንዲላመዱ።